የክሮንስ በሽታ የሲቲ ስካን ሪፖርት በአንድ ዓይነት ቅጽ ቢጻፍስ? ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ ያላችሁ ባለሙያዎች

ሐኪሟ ከጦሳ ሥር

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ የምሠራ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ጥያቄዬ በዋናነት ለራዲዮሎጂስቶች ነው። ቀዶ ሐኪሞችና ቴክኖሎጂስቶች ብትገቡበትም ደስ ይለኛል። ታማሚ ወይም አስታማሚ ካለ ደግሞ ሐሳቡ በጣም ያስፈልገናል።

ከኩታበር የሚመጣ አንድ ወጣት ታካሚ አለኝ። ክሮንስ አለበት። የአንጀት ግድግዳ ለዓመታት እየተቆጣ፣ እየቆሰለ፣ አንዳንዴም እየጠበበ የሚሄድበት በሽታ ነው። ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ሊወጣ ይችላል። የሚበዛው ግን የትንሹ አንጀት መጨረሻ (ኢሊየም) ከትልቁ ጋር የሚገጣጠምበት ቦታ ላይ ነው። የልጁም እዚያው ነው። ባለፈው ቀጠሮው ፌስታሉን ፈትቶ ሦስት የሲቲ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋልኝ። አንዱን ደሴ ነው የተነሳው፣ አንዱን ኮምቦልቻ፣ አንዱን አዲስ አበባ። «ዶክተር፣ መድኃኒቱ ይዞልኛል ወይስ አልያዘልኝም?» አለኝ።

ሦስቱንም ደርድሬ አነበብኳቸው። የመጀመሪያው «የኢሊየም መጨረሻ ግድግዳ ወፍሯል፤ ከበሽተኛው ሁኔታ ጋር ተያይዞ ይታይ» ይላል። በቃ። ስንት ሚሊሜትር ወፈረ? ምን ያህል ርዝመት ይዟል? የለም። ሁለተኛው ገጽ ተኩል ነው። ጉበቱ፣ ጣፊያው፣ ሁለቱም ኩላሊቶቹ በሴንቲሜትር ተለክተዋል። ለታመመው አንጀት የደረሰው ግን «መጠነኛ ውፍረት» የምትል ሐረግ ብቻ ናት። ሦስተኛው በቁጥር ይናገራል፤ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር፣ የታመመው ክፍል 12 ሴንቲሜትር። ጥሩ ነው። ግን 7 ሚሊሜትሩ ከምን ላይ ወርዶ ነው? ወይስ ከምን ላይ ወጥቶ? ልጁ ለሦስቱም ከፍሏል። ለአዲስ አበባው ከደሴ ብቻ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዟል። እኔ ግን የጠየቀኝን ከወረቀቶቹ ልመልስለት አልቻልኩም።

ከዚህም በላይ የሚያስጨንቀኝ ሪፖርቱ ዝም የሚልበት ቦታ ነው። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ ልጀምር ወይም አዛታዮፕሪን ልጨምር ስል፣ መጀመሪያ ማወቅ ያለብኝ ሆዱ ውስጥ መግል መኖር አለመኖሩን ነው። መግል እያለ እነዚህን መድኃኒቶች ብሰጥ ሰውነቱ ኢንፌክሽኑን የሚመክትበትን አቅም አወርድበታለሁ። ወረቀቱ ላይ ስለ መግል አንድም ቃል ከሌለ ምን ልረዳ? ተፈልጎ ታጣ ወይስ ጭራሽ አልተፈለገም? «የለም» የምትለው አንዲት ቃል ብትጻፍ ያን ቀን መድኃኒት እጀምራለሁ። ካልተጻፈች ስልክ ፍለጋ እገባለሁ። ሪፖርቱን የጻፈውን ባለሙያ ሳውቀው እደውላለሁ፣ ምስሉን ከፍቶ በደቂቃ ይነግረኛል። ሳላውቀውስ?

ከሁሉ በላይ ደግሞ ቲቢ አለ። እኛ አገር እዚያች መገጣጠሚያ ላይ የወፈረ አንጀት ያየ ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው ቲቢ ነው፣ ማሰብም አለበት። የአንጀት ቲቢ ላለበት ሰው ክሮንስ ነው ብሎ ስቴሮይድ መስጠት ቲቢውን ማስፋፋት ነው። ክሮንስ ላለበት የቲቢ መድኃኒት መስጠት ደግሞ ስድስት ወር ሙሉ ትክክለኛውን ሕክምና መንፈግ ነው። ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚያይ ኮሎኖስኮፒና ናሙና ሁልጊዜ አይገኝም፤ ሲገኝም ቁርጡን ሁልጊዜ አይናገርም። ስለዚህ የሲቲው ሪፖርት ወደ የትኛው እንደሚያደላና ለምን እንደሚያደላ ሊነግረን ይገባል። «ኢንፌክሽን ወይም ኢንፍላሜሽን ሊሆን ይችላል» የሚለውን እኔም ከፊልሙ በፊት አውቀዋለሁ።

እንግዲህ ጥያቄዬ፦ ደሴ፣ ኮምቦልቻና ወልድያ ያለን ሰዎች ለዚህ በሽታ ብቻ የሚሆን የአንድ ገጽ የሪፖርት ቅጽ ላይ መስማማት አንችልም? ውጭ አገር የተሠራ ነገር ካለ የቱን እንውሰድ? የእኛ ማሽንና የእኛ ታካሚ የማይፈቅደውስ የቱ ነው?

ኮምቦልቻ ራዲዮሎጂ

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ይሄን ጥያቄ ከአንድ ክሊኒሺያን ስጠብቀው የኖርኩት ነው፣ ስለዚህ በርዘም አድርጌ ብመልስ አትቀየሚኝ።

የተሠራ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የሆድ ራዲዮሎጂ ማኅበር፣ የሕፃናት ራዲዮሎጂ ማኅበርና የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር አንድ ላይ ሆነው የትንሹ አንጀት ክሮንስ በሲቲና በኤምአርአይ ሲታይ እንዴት ይገለጽ በሚለው ላይ ምክረ ሐሳብ አውጥተዋል። አውሮፓውያኑም የራሳቸው መመሪያ አላቸው። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ምክንያቱም ቁጥሩ ቀላል ነው፣ ተራ ሲቲ ያለው ሁሉ ሊለካው ይችላል። በፈሳሽ በደንብ የተነፋ አንጀት ግድግዳ እስከ 3 ሚሊሜትር ጤነኛ ነው። ከዚያ በላይ እስከ 5 ቀላል ውፍረት፣ ከ5 በላይ እስከ 9 መካከለኛ፣ 10 እና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። ያንቺ ታካሚ 7 ሚሊሜትር መካከለኛ ነው ማለት ነው። «መጠነኛ» ብሎ የጻፈው ባልደረባችን ግን 4 አይቶ ይሁን 8 ማን ያውቃል?

የልጁ ሲዲዎች ካሉ ላኪልኝ። ሦስቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ መለኪያ፣ እዚያው ቦታ ላይ እለካቸዋለሁ። ሲዲ ከሌለ ፊልሙም ጠርዙ ላይ መለኪያ መስመር አለው፣ በደህና ይሠራል።

የቲቢውን ነገር በተመለከተ ቅጹ ላይ የራሱ ክፍል ይኑረው። የውጭዎቹ ቅጾች ይሄ ይጎድላቸዋል፣ እነሱ ዘንድ ቲቢ ብዙም ስለሌለ። እኔ ስጽፍ ከሊምፍ ኖዶቹ (ከንፍፊቶቹ) እጀምራለሁ። መሃላቸው ጠቁሮ ዙሪያቸው ብቻ ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላው መድኃኒት) የወሰደ ከሆነ በጣም ወደ ቲቢ ያደላል። ሆድ ውስጥ ውሃ ካለ፣ የሆድ ዕቃ ሽፋኑ ከወፈረ፣ ሲከሙ (የትልቁ አንጀት መነሻ) ከተጨማደደ፣ ኢሊዮሲካል ቫልቩ (የሁለቱ አንጀቶች መገጣጠሚያ በር) ተበርግዶ ከቀረ፣ አሁንም ቲቢ። የሆድ ሲቲ ላይ የሳንባው ታችኛ ክፍል ስለሚገባ እሱንም አይቼ መጻፍ አለብኝ፤ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ረጅም ክፍል ከታመመ፣ እየዘለለ ሌላም ቦታ ከታየ፣ የሜዘንተሪ (አንጀቱን የሚይዘው ሽፋን) ወገኑ ከሌላው ወገን በልጦ ከተጎዳ፣ ዙሪያው ስብ ከበዛና ወደ አንጀቱ የሚገቡት የደም ሥሮች እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደርድረው ከታዩ ደግሞ ወደ ክሮንስ ያደላል። አንዱም ብቻውን አይወስንም። ግን እያንዳንዱ «አለ» ወይም «የለም» ተብሎ ከተጻፈልሽ ሚዛኑን አንቺው ማየት ትችያለሽ።

«የለም» የሚለውን ስለ መጻፍ ያልሽው ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው። ጥበት፣ ፊስቱላ (አንጀቱ ወደ ሌላ ቦታ የከፈተው መንገድ)፣ መግል፦ ሦስቱ ባዶ እንዳይቀሩ። መግልና ገና መግል ያልቋጠረ የተቆጣ እብጠት ደግሞ ለየብቻ ይጻፉ። አንዱ በመርፌ ይቀዳል፣ ሌላው አይቀዳም።

አሁን የእኔ ተራ ይሁን። የሚመጣልኝ የምርመራ መጠየቂያ ላይ «የሆድ ሕመም» ብቻ ተጽፎ ነው የማገኘው። ታካሚው ስቴሮይድ ላይ ይሁን፣ የቲቢ መድኃኒት ጀምሮ ይሁን፣ ቀዶ ተሠርቶለት ይሁን፣ ምንም የለም። ክሮንስ መሆኑን ሳላውቅ ተራ የሆድ ሲቲ ነው የማዘው፣ አንጀቱም ሳይነፋ ይነሳል። ስለዚህ ቅጹ ሁለት ገጽታ ይኑረው፤ ፊቱን እናንተ ሙሉት፣ ጀርባውን እኛ።

አንድ ነገር ላይ ግን እጠነቀቃለሁ። ሁሉም ነገር ሣጥን ውስጥ ምልክት ማድረግ ብቻ እንዳይሆን። መጨረሻ ላይ በራሳችን ቃል የምንጽፍበት ቦታ ይተውልን። ቅጹ ያልጠበቀው ነገር ሁልጊዜ አለ። የሜዘንተሪ ደም ሥር ውስጥ ደም ሲረጋ፣ ዳሌና የጀርባ አጥንት የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ሲቆጣ፣ የሐሞት ወይም የኩላሊት ጠጠር ሲኖር፣ እነዚህ ሁሉ ከዚህ በሽታ ጋር ይሄዳሉ፣ እዚያው ሲቲ ላይም ይታያሉ።

የሲቲ ክፍል ባለሙያ

ዶክተሮች፣ ይቅርታ ጣልቃ ልግባና። ከቅጹ በፊት ምስሉ ነው። አንጀቱ ካልተነፋ ጤነኛው ግድግዳ ተጨማድዶ የወፈረ ይመስላል፣ ሚሊሜትር መቁጠሩም ዋጋ የለውም።

እኛ ለዚህ ምርመራ ነጩን የሚጠጣ ኮንትራስት አንሰጥም። አንጀቱን ከውስጥ ስለሚያበራው ግድግዳው ምን ያህል እንደተቆጣ ይሸፍናል። የምናጠጣው ማኒቶል ነው። የ20 በመቶውን በውሃ አቅጥነን ወደ 3 በመቶ ገደማ እናወርደዋለን። ከአንድ ሊትር ተኩል ትንሽ ያነሰ ይሆናል። ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ቀስ እያለ ይጠጣዋል። በደም ሥር የሚሰጠው ኮንትራስት ከገባ በኋላ ከ45 እስከ 50 ሰከንድ አካባቢ እናነሳለን፣ የአንጀቱ ግድግዳ በደንብ የሚበራው ያኔ ስለሆነ።

ታካሚው ይሄ ቀድሞ ካልተነገረው ችግር ነው። ከገጠር ሌሊት ተነስቶ የመጣ ሰው ቁርሱን በልቶ ይመጣል፣ ይመለሳል፣ የመኪና ይከፍላል። ደግሞ ማኒቶሉ ተቅማጥ ያመጣል። ወደ ወረባቦ ወይም ወደ ወግዲ የሚመለስ ሰው እንደጨረሰ መኪና ላይ መሳፈር የለበትም። እባካችሁ ቀጠሮ ስትሰጡ ንገሩልን። እኔ አንዲት እናት መውጫው ጋ አቅፌ የመለስኩበት ቀን አለ። መጸዳጃ ቤት የት እንዳለ ማንም አላሳያቸውም ነበር፣ በጣም ተሳቀው ነበር። አንጀቱ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል ተብሎ የተጠረጠረ ሰው ደግሞ ይሄን ሁሉ ፈሳሽ ፈጽሞ አይጠጣም፤ መጠየቂያው ላይ ይጻፍልን።

ቅጹ ላይ አንድ መስመር ጨምሩልኝ፦ «አንጀቱ ተነፍቷል፤ በደንብ፣ በከፊል፣ አልተነፋም»። ሌላ ቦታ የሚያነበው ሰው ቁጥሩን ምን ያህል እንደሚያምን ይወቅ።

ቀዶ ሐኪም ከወልድያ

አጭር ላድርገው። እኔ ዘንድ የሚመጡት ሲጠብና ሲበሳ ነው።

«ጥበት አለ» የሚል ወረቀት ለእኔ ግማሽ ሥራ ነው። ከጥበቱ በላይ ያለው አንጀት ስንት ሴንቲሜትር ሰፍቷል? 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ እውነተኛ ጥበት ነው ብዬ እነሳለሁ፣ ከ4 ካለፈ እፈጥናለሁ። ጥበቱ ስንት ነው? አንድ ነው ወይስ የተራራቁ? እያንዳንዱ ምን ያህል ይረዝማል? ከኢሊዮሲካል ቫልቭ ምን ያህል ይርቃል? አጭር ጥበት ከሆነ አንጀት ሳልቆርጥ አስፍቼው ልወጣ እችላለሁ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ክሮንስ ተመልሶ ይመጣል። ዛሬ በከንቱ የቆረጥኩት ግማሽ ሜትር ከዓመታት በኋላ ያ ሰው በልቶ ከሚያድርበት አንጀት ላይ የተቀነሰ ነው። ጥበቱ ላይ የመቆጣት ምልክት አለ ወይስ የለም የሚለውም ይጻፍ። ካለ መጀመሪያ በመድኃኒት እንሞክራለን።

ፊስቱላ ካለ ከየት ወደ የት? ወደ ሌላ አንጀት፣ ወደ ፊኛ፣ ወደ ቆዳ? ፊኛ ውስጥ አየር ከታየ እባካችሁ አትዝለሉት።

የፊንጢጣ ዙሪያ ፊስቱላ የሲቲ ሥራ አይደለም፣ ኤምአርአይ ይፈልጋል። ልካችሁ ለማስነሳት ከቻላችሁ ሪፖርቱ የውስጠኛውን ቀዳዳ በሰዓት አቅጣጫ ይናገር፤ ታካሚው በጀርባው ተኝቶ ከፊት በኩል ያለው 12 ሰዓት ነው። መንገዱ በፊንጢጣ መዝጊያ ጡንቻዎቹ መሃል ነው፣ ሰንጥቋቸው ነው ወይስ ዞሯቸው ነው የሚለው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በምንጠቀምበት በፓርክስ አከፋፈል ይጻፍ። ሰገራውን መቆጣጠር የማይችል ሰው ማድረግና ማዳን የሚለያዩት እዚያ መስመር ላይ ነው።

አስታማሚ ከወረባቦ

ሰላም ዶክተሮች። የሙያውን ነገር አላውቅም። ወንድሜን የማስታምም ነኝ። አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ተብሏል።

እኔ የምለው አንድ ነው። ለሲቲ ስንሄድ የቀድሞው ውጤት አላችሁ ወይ ብሎ የጠየቀን የለም። በ2014 ጦርነቱ ጊዜ ከቤት ስንወጣ ፊልሙም ወረቀቱም እዚያው ቀረ። ስንመለስ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሐኪም ከሀ ይጀምራል። ያ የነበረው በሽታ የት ደርሶ እንደነበር ወንድሜ በአፉ ነው የሚናገረው። «ያኔ ትንሽ ነው ብለውኝ ነበር» ይላል። በቃ እሱ ነው ማስረጃው።

ቅጹ ላይ «ከቀድሞው ጋር ተነጻጽሯል» ወይም «የቀድሞው አልቀረበም» የሚል ይግባ። ያን ጊዜ እንግዳ ተቀባዩም ይጠይቃል፣ እኛም ይዘን እንመጣለን። አሏህ ይጨምርላችሁ።

ሐኪሟ ከጦሳ ሥር

እህትዓለም፣ አብሽሪ፤ ያልሽው መስመር ገብቷል፣ ያውም ከላይ ነው የሚቀመጠው። እስከዚያው ግን የወንድምሽን እያንዳንዱን ወረቀት በስልክሽ ፎቶ አንሺና ለሌላ ዘመድም ላኪለት። ሲዲ ከሰጡሽ ደግሞ አንድ ቅጂ ሌላ ቤት ይቀመጥ። የወንድምሽ በሽታ ከሬክተም (ከፊንጢጣ በላይ ካለው የአንጀት ጫፍ) ተነስቶ ሳያቋርጥ ወደ ላይ የሚወጣና ትልቁን አንጀት ብቻ የሚይዝ ስለሆነ ዋናው ክትትሉ ኮሎኖስኮፒ ነው። ሲቲ ወይም ራጅ የሚያስፈልገው በድንገት ሲብስበት ነው። ሆዱ ከተነፋ፣ ትኩሳት ከያዘው፣ ደም ከበዛ ቀጠሮ ሳትጠብቂ አምጪው። ያኔ ራጅ ላይ ትልቁ አንጀት ከ6 ሴንቲሜትር በላይ ከሰፋ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። ይህንንም ቅጹ ላይ ለየብቻ አስገባዋለሁ፣ የኮላይቲስ ታካሚ ሪፖርት የክሮንስ ቅጽ ላይ ተጨናንቆ እንዳይጻፍ።

ባልደረቦቼ፣ ያላችሁትን ሁሉ ይዤ ትናንት ማታ ረቂቁን ጻፍኩት። ፊቱ የእኛ ነው። በሽታው መቼ ታወቀ፣ ምን መድኃኒት ላይ ነው፣ ቲቢ ታክሞ ያውቃል ወይ፣ ቀዶ ተሠርቶለታል ወይ፣ አንጀቱ ተዘግቷል ብለን እንጠረጥራለን ወይ፣ ደግሞም አሁን እንዲመለስልን የምንፈልገው ጥያቄ ምንድን ነው የሚለው በአንድ ዓረፍተ ነገር። ይቺን የመጨረሻዋን ሳይሞላ የሚላክ ካለ ኮምቦልቻ መልሱት፣ አልከፋም። ጀርባው ላይ መጀመሪያ የአንጀቱ መነፋትና ከቀድሞው ጋር መነጻጸሩ ይመጣል። ከዚያ ቦታ፣ ውፍረት በሚሊሜትር፣ ርዝመት በሴንቲሜትር። ከዚያ ጥበት፣ ፊስቱላ፣ መግል፣ ሦስቱም በግድ «አለ» ወይም «የለም»። የቲቢው ክፍል ሙሉ ነው። ነጻው ቦታ አራት መስመር ያህል አለው። ጉበትና ጣፊያን ጤነኛ ከሆኑ «ጤነኛ» በሚል አንድ ቃል እንለፋቸው፣ ጊዜው ለአንጀቱ ይሁን።

ማጠቃለያው ላይ ግን ጠበቅ ማለት እፈልጋለሁ። «ከበሽተኛው ሁኔታ ጋር ይታይ» ብቻውን አይበቃም። ከእነዚህ አንዱ ይጻፍ፦ በሽታው አሁን ተቆጥቷል፣ የመቆጣት ምልክት አይታይም፣ ጠቧል፣ በስቷል። ከአንድ በላይ ከሆነም ሁለቱም ይጻፉ። ቲቢ ወይስ ክሮንስ የሚለው ካልተለየ «አልተለየም» ተብሎ ምክንያቱ ይጻፍ። እሱም መልስ ነው። ያን ጊዜ ናሙና መፈለግ እንዳለብኝ አውቃለሁ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ። እነዚህ ልጆች ወጣቶች ናቸው። በየጊዜው ሲቲ ማንሳት የጨረሩ ነገር ያሳስበኛል። ኤምአርአይ ለክትትል ሁሉ አዲስ አበባ መላክ አይቻልም። ክትትሉን በአልትራሳውንድ ማድረግ እንችላለን?

ኮምቦልቻ ራዲዮሎጂ

እንችላለን፣ እኔም ልለው ነበር። ቀጭን ለሆነ ታካሚ የኢሊየም መጨረሻ በአልትራሳውንድ በደንብ ይታያል። የእኛ ታማሚዎች አብዛኞቹ ከስተው ነው የሚመጡት። ከ3 ሚሊሜትር በላይ እዚያም ውፍረት ነው። ለሆድ የምንጠቀምበት ፕሮብ (ሰውነት ላይ የሚደረገው የመሣሪያው ጫፍ) ብቻ አይበቃም፣ ለታይሮይድና ለደም ሥር የምንጠቀምበት ሊኒየር ፕሮብ ያስፈልጋል፤ እሱ አብዛኛው ክፍል ውስጥ አለ። ግድግዳው ውስጥ የደም ፍሰት መኖር አለመኖሩን በቀለም ዶፕለር አይቶ መጻፍም ግድ ነው፣ መቆጣቱን የሚነግረን እሱ ስለሆነ። የመጀመሪያው ሲቲ ይሁን፣ ከዚያ በኋላ ያለው ክትትል በአልትራሳውንድ። መግል ወይም ፊስቱላ ሲጠረጠር ብቻ ወደ ሲቲ እንመለሳለን። በጥልቁ ዳሌ ውስጥና በላይኛው ትንሹ አንጀት ላይ ግን አትተማመኑበት።

ለአልትራሳውንዱም ያው ቅጽ ይሠራል፣ የመነፋቱን መስመር ብቻ አውጪው። በእሱ ምትክ «የኢሊየም መጨረሻ ታይቷል ወይስ በጋዝ ተሸፍኗል» የሚለውን አስገቢ።

ቀዶ ሐኪም ከወልድያ

ረቂቁን ላኩልን ዶክተር። እኛ ጋ የሚያነቡት ሁለት ራዲዮሎጂስቶች ናቸው፣ ሁለቱንም አነጋግሬ ተስማምተዋል። በአዲስ ታካሚ እንጀምራለን። የድሮዎቹ ለክትትል ሲመጡ ይገባሉ። ወረቀቱ በኤ4 ፊትና ጀርባ ይሁን፣ እዚህ ያለው ፎቶኮፒ ከዚያ በላይ አይወስድም።